አንዲት ጃርት ለሁለት ራስ

መላጣ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ መስታወት ውስጥ።

ሙሉ መላጣ ብሆን እንኳ ባልከፋኝ። ሙሉ መላጣ ቢያንስ ቁርጡ የታወቀ ነው። የእኔ ግን አንበጣ የወረደበት የማሽላ ማሳ ነበር የሚመስለው፤ እዚህ ሦስት አገዳ፣ እዚያ ሁለት አገዳ፣ መሃሉ ልሙጥ መሬት። ከጆሮዬ በላይ ግራና ቀኙ ወደ ኋላ ሸሽቷል። አናቴ ላይ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ የሚያስቀምጥ ክብ ሜዳ ተፈጥሯል።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። የካርቱም ክረምት ዝናቡ ትንሽ፣ ጭቃው ብዙ ነው። እኛ ያለንበት ካላክላ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ጭቃው ከፍ ሲል ከቧንቧው ውኃ ጋር ይጋባል። ታይፎይድ ያዘኝ። ሃያ ቀን ተኝቼ፣ ሲለቀኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ተነሣሁ። ከታይፎይድ ተርፎ የሚነሣ ሰው ሁሉም ነገር ያለፈለት ይመስለዋል። ሦስት ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት ፀጉሬን ላበጥር ሚዶውን ብሰድ፣ ሚዶው ፀጉር ይዞ እኔን ጥሎኝ መጣ።

«ሂጃብ ለባሽ አይደለሽ እንዴ? ማን ሊያይብሽ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ሞሚናም ያለችኝ ይኸንኑ ነው።

ሞሚና ካላክላ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ጓደኛዬ ናት። እሷ የባቲ ልጅ ናት፣ እኔ የሐርቡ። ባቲ የግመል ገበያ አገር አይደል? ሞሚናም ሞተ የተባለ ግመል አስነሥታ የምትሸጥ ምላስ አላት። በየሰዉ ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። እኔ ደግሞ የሀብታሞቹ ሰፈር አል-ማንሺያ፣ ሲት ነዋል በሚባሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሴትዮ ቤት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሳምንቱን እዚያው አድራለሁ፣ ጁምዓ ጁምዓ ወደ ሞሚና እመጣለሁ።

«ባል የለሽ፣ እጮኛ የለሽ» አለችኝ ሞሚና፤ «ይኼን ፀጉር የሚያየው እኔና አላህ ብቻ ነን። አላህ አይስቅብሽም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እስቃለሁ።»

እየሳቀችም ቢሆን መድኃኒቱን የጀመረችልኝ እሷው ናት። መጀመሪያ ጥቁር አዝሙድ። ቀጥሎ የቀይ ሽንኩርት ውኃ። ቀጥሎ ሱዳኖች ካርካር የሚሉት፣ ከስብና ከሰሊጥ ዘይት ቅርንፉድ እየተጨመረበት የሚነጠር የራስ ቅባት። ሞሚና አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ከላዩ ትደርብበታለች። አንድ ቅዳሜ ይኼን ሁሉ ተሸክሜ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አፍንጫቸውን አሸት አሸት አደረጉና «ልጄ፣ ወጡ እንዳይደፋብሽ ደህና አርገሽ ያዢው» አሉኝ። ድስት የያዝኩ መስሏቸው ነው። ድስቱ ራሴ ነበር።

ፀጉሩ ግን አልበቀለም። ራሴን አበሰልኩት እንጂ አላበቀልኩትም።

በዚህ መሃል ነው ጃርቷ የመጣችው።

ሲት ነዋል ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ፀጉራቸው በእርጅና ሳስቷል፤ እሱም ያናድዳቸዋል። አማል የምትባል ባሕረ ሰላጤ የምትኖር ልጅ አለቻቸው። ሐኪም አይደለችም፤ ሐኪም ያላገኘውን በሽታ ሁሉ ግን በስልክ ታገኛለች። እሷ ናት በሰው እጅ ትንሽ ሣጥን የላከችላቸው። ሣጥኑን ስንከፍተው እጀታ ያለው፣ ጫፉ ላይ እንደ በርሜል የሚሽከረከር ነገር ወጣ፤ በርሜሉ ዙሪያውን ፀጉር የሚያህሉ መርፌዎች ተተክለውበታል። ሮለር ነው ስሙ። እኔ ግን እንዳየሁት ጃርት አልኩት፣ ጃርትነቱም ጸናበት። መርፌው የራስ ቆዳን በትንሽ በትንሹ ሲነካካው ደም ወደዚያ ይሮጣል፣ የተኛው ፀጉር ይነቃል ነው የሚባለው።

አማል በቪዲዮ ደውላ አስተማረችኝ። ሲት ነዋል የኋላ ራሳቸውን ማየት ስለማይችሉ የማስኬደው እኔ ነኝ።

«ስሚኝ» አለች አማል፤ «ይኼ መርፌው ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ለቤት ከዚህ አይበልጥም። በሳምንት አንድ ቀን። በጭራሽ አትጫኚ። ሳትጠቀሚበት በፊትም በኋላም አልኮል ውስጥ ይነከራል። ደግሞ ከእናቴ ራስ ሌላ ማንንም እንዳይነካ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። ሁሉም ገብቶኛል። ሰው «አልገባኝም ነበር» የሚለው ካጠፋ በኋላ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ሲት ነዋል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኔ ጃርቷን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጌ አስኬዳታለሁ። «ያ ቢቲ፣ እጅሽ ቀላል ነው» ይሉኛል፤ ያ ቢቲ ማለት ልጄ ሆይ ማለት ነው። ሁለት ወር ተኩል ላይ ግንባራቸው ጥግ የጫጩት ላባ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። እውነት ይሁን መብራቱ ይሁን አላውቅም። እኔ ግን አየሁት። አይቼም ቀናሁ። የቀጣሪን ወርቅ የምትመኝ ሠራተኛ ሰምታችኋል፤ እኔ የቀጣሪዬን የግንባር ላባ ተመኘሁ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ካላክላ ገበያ ወረድኩ። አንዱ መዋቢያ ነጋዴ ጃርቶቹን በየፕላስቲክ ሣጥናቸው ደርድሮ ተቀምጧል።

«ሩብ አለ፣ ግማሽ አለ፣ አንድ አለ፣ አንድ ተኩል አለ፣ ሁለት አለ» አለኝ እንደ ቁርዓን ተማሪ በአንድ ትንፋሽ።

«የቱ ይሻላል?»

«ፀጉርሽ ምን ያህል ሄዷል?»

«ብዙ።»

«እንግዲያው ትልቁ ነዋ!»

ሙግቱ ረታኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ መሬቱ ሲጠነክርበት እርፉን ይጫናል እንጂ አያነሣም። በግማሽ ሚሊሜትር ማን ያርሳል? ለሽንብራም አይሆን። ባለ ሁለቱን ገዛሁ። አማል «ከግማሽ አይበልጥም» ማለቷ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ የሀብታም ራስ ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ የእኔ ራስ ግን ውኃ ሲሸከም ያደገ ነው ብዬ ነው።

ሞሚና ስታየው «ይኼ የወፍጮ መውቀሪያ ነው» አለች። ቢሆንም መስታወቱን ያዘችልኝ። ጃርት ቁጥር ሁለትን አናቴ ላይ አሳርፌ ተጫንኩ። ወላሂ፣ ዓይኔ ውስጥ ያለ መብራት ሁሉ ባንዴ በራ። ሁለተኛ ስጫን ደሙ ነጠብ ነጠብ አለ።

«ማሻአላህ!» አለች ሞሚና፤ «ጉድጓዱ ውኃ ሰጠ።»

እዚያ ቁስል ላይ ነው እንግዲህ ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ካርካር የለበጥነው። መጮህ እንኳ አልቻልኩም። ነፍሴ በአናቴ ወጥታ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ሞሚና ሥቃዬን ስታይ ተስፋ ቆረጠች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እሷ ግን «ይኼን ያህል ካቃጠለ ይሠራል ማለት ነው» ብላ፣ ሹሩባ የበላባትን የፊት ፀጉሯን ልትዘራ ጃርቷን ከእጄ ተቀብላ ግንባሯ ላይ አስኬደችው። ደሜ ገና መርፌዎቹ ላይ አልደረቀም።

በሁለተኛው ጁምዓ የገበያው ጃርት መርፌዎቹ እንደ መንጠቆ ተቆለመሙ። ስናስኬደው ቆዳ ይዞ ይነሣል፤ ተርፈው የነበሩትን አገዳዎች አንድ ባንድ ነቀላቸው። ያበቅላል የተባለው አረመ። አውጥተን ጣልነው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይኼ ጽሑፍ የሚያስቅ ሆኖ ያልቅ ነበር።

ሲት ነዋል ቡሪ ሰፈር ያለች የአክስታቸው ልጅ ሞታ ለቅሶ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። መታጠቢያ ቤቱን ሳጸዳ የጃርቷ ሣጥን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ግማሽ ሚሊሜትር፣ መርፌው ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። አንድ ጊዜ ብቻ አልኩ። በሩን ቆለፍኩ፤ በቤቱ ሰው የለም፣ ግን ቆለፍኩ። ጥፋቱን ያላወቀ ሰው በር አይቆልፍም። ሂጃቤን አውልቄ አስኬድኩት። አልኮሉን ግን አልነካሁም፤ ከጠርሙሱ መጉደሉ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ስርቆቴን ደብቄ፣ ደሜን በውኃ አለቅልቄ፣ ጃርቷን ወደ ቦታዋ መለስኳት።

የሰባት ቀን ለቅሶ ነበር። ሦስት ጊዜ አስኬድኩት።

ሲት ነዋል ተመልሰው ሐሙስ ሲደርስ ወንበሩን አወጣሁ። አልኮሉን ላነሣ ስል ጠርሙሱ ባዶ ነው፤ ለካስ ሲሄዱ ያለቀ ኖሯል። ስቆጥበው የነበረው ባዶ ጠርሙስ ነው። ፋርማሲው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር። ፀሐዩ ያቃጥላል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አጸዳሽው?» አሉኝ።

«አጽድቻለሁ» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። አስኬድኩላቸው። «እጅሽ ቀላል ነው» አሉኝ።

በሳምንቱ ራሴ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። መጀመሪያ ማሳከክ፣ ቀጥሎ መጋል፣ ቀጥሎ መምገል። የመጣሁበት ጁምዓ ሞሚና ሂጃቤን ልታወልቅልኝ ስትስበው ከራሴ ጋር ተጣብቆ አብሮ መጣ። ሞሚና ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። እዚያው ካላክላ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ባጃጅ በሚመስለው ሪክሻ ደግፋ ወሰደችኝ። ትኩሳቱ አናግሮኝ መንገድ ላይ ለሪክሻው ነጂ በአማርኛ ስለ ሽንብራ አዝመራ አወራሁለት ብላኛለች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ሱዳናዊት ናት። የተረፈውን ፀጉር በሙሉ ላጨችው፤ መግል አፈሰሰች፣ አጠበች፣ መርፌ ወጋችኝ። ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ይኼን ምን ነካው?»

ከታይፎይዱ ጀምሬ ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ከታይፎይድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር በራሱ ጊዜ ይመለሳል» አለችኝ። «ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት። ምንም ሳትነኪው ብትተዪው ኖሮ አሁን መብቀል በጀመረ ነበር።»

ሞሚና ከጥግ ሆና «ራስ ሳይጠና ጉተና!» አለች። ሽንኩርቱ፣ ካርካሩ፣ ነጩ ሽንኩርት፣ ሁለቱ ጃርቶች፣ ሁሉም ዝም ብዬ ብቀመጥ ለሚመጣ ነገር ነበር።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። «በዚያ መርፌ ከአንቺ ሌላ የተጠቀመ አለ?»

ሞሚና ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እሷን ጠቆምኩ። ሲት ነዋልን አልጠቆምኩም። ሁለታችንም ደም ሰጠን፤ ሁለታችንም ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሞሚና ከጭንቀቷ የተነሣ አጠገቧ ካለችው ሴትዮ ሕፃኑን ተቀብላ ታስተኛ ጀመር። ልጁ ተኝቶ ነበር፤ ቀሰቀሰችው።

የሞሚና ደም ንጹህ ሆነ። ክትባት ጀመረች። የእኔ ግን የጉበት ቫይረስ አለበት ተባለ።

ሐኪሟ ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። ቢ የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፤ ምናልባት ስወለድ ከእናቴ የመጣ ይሆናል። በየጊዜው መታየት አለብኝ፣ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ እጅ በመጨበጥና አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በደም ግን ይተላለፋል። «በአንድ መርፌ የተጠቀመ ሁሉ ይመርመር» አለች። «ሽማግሌ ሰው ላይ ይከብዳል።»

እናቴ ስትሞት መሬት አልነበራት፣ ከብት አልነበራት። ምንም አላወረሰችኝም እያልኩ ሳማርር ኖሬ ነበር።

ቤት ስንገባ ሞሚና በሩን ዘግታ ፊቴ ቆመች።

«ዝም በይ» አለችኝ። «ትሰሚኛለሽ? ዝም በይ። ብትነግሪያቸው ሥራሽ ሄደ። እሱስ ይሁን። ነገ ማንሺያ ሙሉ ‹ሐበሾቹ በሽታ አላቸው› ይባላል። ስንት የወሎ ልጅ ነው በየግቢው ያለችው? ሁሉንም ያስወጧቸዋል። ለአንቺ ሐጢያት እነሱ ይከፍላሉ።»

ልክ ነበረች። ክፋቱ ይኼ ነው፤ ሞሚና ስትቀልድ ትሳሳታለች፣ ስትቆጣ ልክ ናት። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ የሰው በሽታ የሸሸገስ? አጽድቻለሁ ያልኳት ቃል ጥርሴ ውስጥ እንደተሰነቀረ አጥንት ሆነችብኝ፤ በምላሴ እነካታለሁ፣ አትወጣም። ሲት ነዋል የሚመጣውን ሐሙስ ሳይጠራጠሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

እሑድ ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ። ሞሚና አልከለከለችኝም። እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝና «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ይል ነበር።

ሲት ነዋል ጋዜጣቸውን ዘርግተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ቁጭ ሳልል፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዐረብኛዬ ሰባት ዓመት የሠራሁበት ነው፣ ለገበያም ለወጥ ቤትም ይበቃኛል። ለኑዛዜ ግን አልበቃኝም፤ መሃል መሃሉን በአማርኛ ሞላሁት።

ስጨርስ «ሂጃብሽን አውልቂ» አሉኝ።

አወለቅኩ። የተላጨውን፣ ቁስል በቁስል የሆነውን ራሴን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ለማን ብለሽ ነው?» አሉ።

«ለማንም።»

«ሰው ለማንም ብሎ እንዲህ አይሆንም።»

«ሲት ነዋል፣ እዚህ አገር ከመጣሁ እጄም እግሬም የሥራ ነው። ጁምዓ ቀን ፀጉሬን ፈትቼ ሳበጥር ግን ሐርቡ እያለሁ የነበርኩትን ሰው እመስል ነበር። እሷን እንዳላጣት ብዬ ነው።»

ጋዜጣውን አጠፉት። እንደገና አጠፉት። እስኪበቃቸው አጣጥፈው ትንሽ አደረጉት።

«አርባ ዓመት ልጆች አስተምሬአለሁ» አሉ። «የሚሰርቅ ልጅ አውቃለሁ። የሚዋሽ ልጅ አውቃለሁ። እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ነው። የዚያን ቀን አጸዳሽው ወይ ስልሽ፣ አላጸዳሁትም ብትዪኝ ምን አደርግሽ ነበር?»

ምንም። ምንም አያደርጉኝም ነበር። «እንግዲያው ለሚቀጥለው ሐሙስ ይሁን» ነበር የሚሉኝ። እሱን ስለማውቅ ሂጃቤን አንሥቼ ራሴን ሸፈንኩ።

ለአማል ደወሉ። ስልኩ ጆሯቸው ላይ ሆኖ የአማል ጩኸት ለእኔ ይሰማኝ ነበር፤ ዛሬውኑ ትውጣ፣ ለፖሊስ ትሰጥ፣ ነግሬሽ አልነበረም? ሲት ነዋል «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብለው ዘጉት። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ታክሲ ጠርተው ምርመራ ሄዱ። እኔ ከወጥ ቤት አልወጣሁም። የማጥበው ዕቃ አልነበረም፤ ንጹሑን አውጥቼ አጠብኩት።

ሲመለሱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«አሁን ምንም የለም አሉ» አሉኝ። «ግን ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ክትባቱን ወስጄ ከስድስት ወር በኋላ መድገም አለብኝ።»

«ሲት ነዋል፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። አላህም ይቅር ይበልሽ። ግን ያ ቢቲ፣ ከእንግዲህ እጅሽ ራሴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን መጨፈን አልችልም።»

ይቅርታ እና መባረር በአንድ ትንፋሽ ሊመጡ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ልብሴን ሰበሰብኩ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ለጎረቤቶቹ እህቷ ታማባት ሄደች እላለሁ» አሉ። «ሌሎቹ ልጆች ሥራቸውን ይሥሩ።» ሞሚና የፈራችውን እሳቸው ሳልነግራቸው አስበውበት ኖሯል። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ከሞሚና ጋር ልብስ አጣቢ ሆንኩ። ክሊኒኩ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ጉበቴን አየው፤ ለጊዜው ደህና ነው አሉኝ። ስድስት ወሩን መቁጠር ጀመርኩ። የሚገርመው ግን ፀጉሬ ነው። በሁለተኛው ወር፣ ምንም ሳልቀባው፣ ከጠባሳው ዙሪያ ብቅ አለ። በአራተኛው ወር እንደ በግ ግልገል ተጠቅልሎ ራሴን ሸፈነው። ሞሚና «ማሻአላህ» እያለች ትዳብሰዋለች። እኔ ግን ደስ አላለኝም። መላጣ ሆኖ የቀረው የጠባሳው ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በጣት ይሸፈናል። መስታወት ሳይ የማስበው ግን የሌላ ሰው ራስ ነው። እዚያ ላይ ምን በቅሎ ይሆን?

አንድ ጁምዓ ደወልኩላቸው። «ገና ነው ያ ቢቲ፣ ቀኑ አልደረሰም» ብለው ዘጉት።

በአምስተኛው ወር ጦርነቱ መጣ።

ስለ ጦርነቱ እኔ የምነግራችሁ ከእናንተ የተለየ ነገር የለኝም፤ ቴሌቪዥን አይታችኋል። ካላክላ ዳቦ ጠፋ፣ ውኃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ። ሰው በአህያ ጋሪ ፍራሹን ጭኖ ወጣ። እኔና ሞሚና መንገዱ ይከፈታል ሲባል፣ ተዘጋ ሲባል፣ ቆየን። ማንሺያ ያለው ቤት ተመታ የሚል ወሬ ሰማሁ፣ አልተመታም የሚል ወሬም ሰማሁ። ቀጣሪዬ በሕይወት መኖራቸውን ሳላውቅ የደማቸውን ውጤት የምጠብቅ፣ በከተማው ውስጥ እንደኔ ዓይነት ሞኝ የነበረ አይመስለኝም።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን አንድ ጠዋት የጎረቤታችን ልጆች «ጣሪያው ላይ ኔትወርክ አለ!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ መሰላል ላይ ተረባረበ። እኔና ሞሚናም ወጣን። ስልኬን ከፍ አድርጌ ስይዘው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሁለት ወር መልእክት ባንዴ ገባ። ከሐርቡ ወንድሜ አሥራ አምስት ጊዜ ደውሏል። ከመሃሉ አንድ የድምፅ መልእክት አየሁ፣ ከማላውቀው የግብፅ ቁጥር። ከሰሜን በኩል ተኩሱ ይንጣጣል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

የሲት ነዋል ድምፅ ነው። እንደ ድሮው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ፣ ቃሉን አንድ ባንድ እየለዩ።

«ያ ቢቲ፣ ካይሮ ነኝ። አማል አወጣችኝ። ቤቱ የለም፤ አንቺ ያጠብሽው ወለልም የለም። ዛሬ እንደገና መረመሩኝ። ደሜ ንጹህ ነው። በሕይወት ትኑሪ አትኑሪ አላውቅም፤ ግን ካለሽ፣ ይኼን ተሸክመሽ እንዳትኖሪ ብዬ ነው። ጉበትሽን ተከታተዪ። መአሰላማ።»

ከተማው ሁሉ ሰው በሚገድልበት ቀን፣ እኔ አንድ ሰው እንዳልገደልኩ ተነገረኝ።

እዚያው ትኩሱ ጣሪያ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሆዴን ይዤ ጮክ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሞሚና ስልኳን ወርውራ በእንብርክኳ መጣች። ጥይት የመታኝ መስሏት ደረቴን፣ ጀርባዬን፣ ሆዴን በሁለት እጇ እየዳበሰች፣ «የት ላይ ነው? እቱ፣ የት ላይ ነው? የት ላይ ነው የመታሽ?» ትላለች፤ እኔ ደግሞ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ሳይለይልኝ፣ የትም፣ የትም ለማለት ትንፋሽ አጣሁ።